ርስት የተሟገተ ስሙ ቀረ፦ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ባላገር አያት እንዴት ይገኛል?

በሰሜኑ ደጋ አገር ርስት ሲቆጠር ያደገ ሽማግሌ ሰባት አባት ያለ ወረቀት ይዘልቃል። እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሌ ልጅ እያለ ከራሱ ተነሥቶ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ሰው ዘንድ ይደርሳል። ከዚያ ዝርዝር አራተኛውን ወይም አምስተኛውን ነጥሎ «ይህ ሰው መቼ ተወለደ? ስንት ጥማድ በሬ ነበረው? ስንት ልጅ ቀበረ? በምን ሞተ?» ብሎ ለሚጠይቅ ግን መልሱ ያጥራል። ስሙ አለ፤ ኑሮው የለም። የዘር ሐረጉን ከአድዋ በፊት ወደነበረ አንድ ገበሬ ማድረስ የሚፈልግ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ክፍተት ይህ ነው፤ ክፍተቱ በምን ሊሞላ እንደሚችልም የታሪክና የማኅበረሰብ አጥኚዎች እስካሁን አልተስማሙም።

በእንግሊዝ አገር እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግብ የታዘዘው እ.ኤ.አ. በ1538 ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በ1563 በትሬንት ጉባኤ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ እንዲያዝ ደነገገች። የዚያ አገር ገበሬ ዘር ፈላጊ ሥራውን ከመዝገብ ይጀምራል። እኛ ዘንድ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ስሙን የሚይዙት ቄሱ፣ የክርስትና አባት ወይም እናትና ቤተ ዘመድ ናቸው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ አንቀጾች ቢኖሩትም ሥራ ላይ ሳይውሉ ቆዩ። የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በዐዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው።

ይህን አይቶ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ባላገር ዱካ የለውም ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ዱካው ሙግት በነበረበት ቦታ ሁሉ አለ። በቃል የወረደው ሐረግ የወረደው መሬት ይገባኛል ስለተባለበት ነው፤ በብራና የተጻፈው የተጻፈው ነገ ክርክር ይነሣል ተብሎ ስለተፈራ ነው። እንግዲህ እያንዳንዱን ምንጭ ይዘን ልንጠይቀው የሚገባን የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ይህን ማን ያዘው፣ ማንን ለመርታት ያዘው የሚለው ይመስለኛል።

ቆጠራው ሁለት ሥራ ነበረው

ዛሬ ስለ ዘር ሐረግ የሚጽፉ ሰዎች ሁለት የተለያዩ ቆጠራዎችን ብዙ ጊዜ አንድ ያደርጓቸዋል። አንዱ የጋብቻ ቆጠራ ነው። እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ እንዳይጋቡ የሁለቱ ወገን ሽማግሎች ተቀምጠው ወደ ላይ ይቆጥራሉ። ከአያት ወደ ቅድመ አያት፣ ከዚያም ምንጅላት፣ እንጅላት፣ ፍናጅ እያሉ (አጠራሩ ከአገር አገር ይለያያል) አንድ የጋራ ሰው ላይ ይገናኙ እንደሆነ ያያሉ። በዚህ ቆጠራ ውሸት የሚጠቅመው ሰው ጥቂት ነው፤ ዘመድን ከዘመድ ማጋባት ነውርም ኃጢአትም ነውና። ሁለተኛው የርስት ቆጠራ ነው። እዚህ ላይ እያንዳንዱ ስም መሬት ያመጣል፣ ወይም መሬት ያሳጣል።

ርስት በአባትም በእናትም በኩል የሚወርድ መብት ነው። አቅኚው አባት መሬቱን ለልጆቹ አካፈለ ተብሎ ይታሰባል፤ ከእነዚያ ልጆች የተወለደ ሁሉ፣ በወንድ ቢወርድ በሴት፣ ድርሻ የመጠየቅ መብት አለው። ስለዚህ የርስት ሐረግ በወንድ ብቻ ቀጥ ብሎ አይወጣም። ከልጅ ወደ እናት፣ ከእናት ወደ አባቷ፣ ከእርሱም ወደ እናቱ እየዞረ ይሄዳል። ወደ ላይ አምስተኛው ትውልድ ላይ እያንዳንዳችን 32 ወላጆች አሉን፤ ሰባተኛው ላይ 128። ሁሉንም የሚያስታውስ የለም። የሚታወሱት ድርሻ የሚያስገኙት ናቸው፤ መሬቱ በተረታበት ወይም ከአገር በተለቀቀበት ወገን ያሉት በሁለት በሦስት ትውልድ ውስጥ ከአፍ ይጠፋሉ። «የኔ አያት» ተብሎ የሚቀርብልን ሰው ከ32ቱ አንዱ ነው፤ ያስመረጠውም ያቀናው ወይም የተከራከረበት መሬት ነው። ሌሎቹ 31 ሰዎችም አርሰው፣ ወልደው፣ ታመው፣ ሞተው ነበር።

አገሩም ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበረም። በኤርትራ ደጋ ዴሳ በሚባለው ሥርዓት፣ በትግራይም ክፍሎች በተመሳሳይ ልማድ፣ መሬት የሚታደለው በመንደሩ ነዋሪነት ነበር። መሬት ለነዋሪ ሲታደል ሐረግ የመቁጠሩ ግፊት ይላላል። አንዱ ቤተሰብ ለምን ሰባት አባት እንደሚቆጥር፣ ሌላው ለምን በአራተኛው እንደሚቆም ለማስረዳት አንዳንድ ጊዜ ይህ ልዩነት ብቻ ይበቃል። የማስታወስ ችሎታን ከመመዘን በፊት የመሬቱን ሥሪት መጠየቅ ይቀድማል።

ከርስት ጎን ጉልት አለ። ርስት የአራሹ ዘር መብት ሲሆን ጉልት ከዚያው መሬት ግብር የመሰብሰብ መብት ነው፤ ለመኳንንት፣ ለወታደር ወይም ለደብር ይሰጣል። በአንድ ማሳ ላይ ሁለቱም ያርፋሉ። ይህን መለየት የሚያስፈልገው በብራና ተጽፎ የምናገኘው በአመዛኙ የጉልት ጉዳይ ስለሆነ ነው። ባላገሩ የያዘው ርስት ደግሞ መዝገቡ የሽማግሎች አፍ ነበር።

የሐረጉ እውነትነት፦ ክርክሩ

በቃል የወረደው ቆጠራ ምን ያህል ይታመናል? በዚህ ላይ ብዙ ያከራከረው ሰው አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ አለን ሆበን ነው። በ1950ዎቹ በጎጃም ዳሞት ተቀምጦ ርስትን ያጠና ሲሆን መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1973 ታተመ። ያገኘው ነገር ይህ ነው፦ አንድ ሰው በዘሩ ሊጠይቅ የሚችለው ርስት በእጁ ካለው እጅግ ይበልጣል። ከብዙ ጥያቄዎቹ የትኛው እንደሚሰምርለት የሚወስኑት ጉልበቱ፣ ሹመቱ፣ የወገኑ ብዛትና የመሟገት ችሎታው ናቸው። ሐረጉ ለመሬቱ ምክንያት ነው፤ በጊዜ ብዛት ደግሞ መሬቱም ለሐረጉ ምክንያት ይሆናል። የያዘ ሰው የመያዙን ምክንያት ይቆጥራል፤ ያልያዘው ወገን ቆጠራ እየሳሳ ይሄዳል።

በሌላው አፍሪካ የቃል ታሪክን ያጠኑት ያን ቫንሲናና ዴቪድ ሄኒጌም የሚደግፉት ነገር አለ። የቃል ሐረግ ላይኛው ጫፍና ታችኛው ጫፍ ይጸናል፤ የሚወድቀው መካከሉ ነው። አቅኚው አባት አይረሳም፣ የቅርቦቹ ሦስት አራት ሰዎችም አይረሱም። በመካከል ያሉት ግን ይዘለላሉ፣ ወይም ሁለት ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሰዎች ወደ አንድ ይጠቀለላሉ። ይህን ወደኛ ጉዳይ ስናመጣው አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ይታያል። በ1950ዎቹ ለሚቆጥር ሽማግሌ በ1840ዎቹ የተወለደው ገበሬ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ነበር፤ ምናልባትም በልጅነቱ አቅፎታል። ዛሬ ለሚቆጥር ሰው ግን ያው ገበሬ በቀላሉ በሚወድቀው መካከለኛ እርከን ላይ ነው ያለው። ሆበን ሐረጉን ሲጠራጠር የሰማው ቆጠራ፣ ዛሬ እኛ ከምንሰማው ይልቅ ለ19ኛው ክፍለ ዘመን ቅርብ ነበር።

የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ በሌላ መንገድ ሄደ። ከባልደረቦቹ ጋር በየደብሩ ብራናዎች ላይ የተጻፉ የመሬት ማስታወሻዎችን ሰበሰበ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፉ ከ13ኛው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን የመሬትና የኅብረተሰብን ታሪክ በእነርሱ ላይ አቆመ። ጽሑፉ ከተጻፈ በኋላ እንደ ሽማግሌ አፍ ከዘመኑ ጋር አይለወጥም፤ ይህ ጥንካሬው ነው። ድካሙ ደግሞ ዋናዎቹ ባለ ጉዳዮች መኳንንት፣ ካህናትና ወይዛዝርት መሆናቸው ነው። ሀብታሙ መንግሥቴ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመው የምሥራቅ ጎጃም ጥናቱ ጥያቄውን ይበልጥ አጠበቀው። በጌታውና በባለርስቱ ገበሬ መካከል ዜጋ የሚባል፣ የራሱ ርስት የሌለው፣ በሌላው መሬት ላይ አገልግሎ የሚኖር ሰው እንደነበረ አሳየ። በዛሬው አማርኛ ዜጋ የአገር ባለመብት ማለት ሆኖ ስናየው የትርጉሙ መገለባበጥ ያስገርማል። ከዚህ ጥናት ወዲህ «ባላገር ሁሉ ባለርስት ነበር» ብሎ መነሣት አይቻልም፤ ከጥንት ጀምሮ ርስተኛ ነበርን የሚል ቤተሰብም አያቱ ዜጋ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

ማን ልክ ነው? ሆበን የሚነግረን ሐረግ እንዴት እንደሚሠራ ነው፤ ክራሚና ሀብታሙ የሚነግሩን ሐረጉ የማይናገረው ምን እንደሆነ ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል ለዘር ፈላጊ አይጠቅምም። ሆኖም የሆበንን ጥርጣሬ እስከ መጨረሻው ገፍተው «የቃል ሐረግ ተረት ነው» የሚሉትን መቀበል ይከብደኛል። ሙግት ሐረግን ያጣምማል፤ ያንኑ ያህልም ይጠብቀዋል። ርስት የሚከራከሩ ሁለት ወገኖች አንዱ የሌላውን ውሸት ለማጋለጥ ይነሣሉና። በተለያየ ቀበሌ የሚኖሩ፣ ጥቅማቸው የሚጋጭ ሁለት የዘር ቅርንጫፎች በአንድ ሰው ስም፣ በሚስቱና በልጆቹ ቁጥር ከተስማሙ፣ ያ ስምምነት ከአንድ ቤት ከሚወጡ አሥር ምስክሮች ይበልጣል።

በወንጌሉ ኅዳግ

ቤተ ክርስቲያን የአገሩ የውል መዝገብ ቤት ነበረች። የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭ፣ ኑዛዜና እርቅ በወንጌሉ ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር፤ ወንጌል ይማሉበታልና ማንም ደፍሮ አይፍቀውም ተብሎ ይታመናል። በጎንደርና በአካባቢው ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ጀምሮ እንዲህ ያለ ማስታወሻ በብዛት አለ።

አንዱን ቀርበን እንየው። አከፋፈቱ ብዙ ጊዜ በግዕዝ ነው፦ በእገሌ ንጉሥ ዘመን፣ እገሌ ገዢ፣ እገሌ የደብሩ አለቃ ሳለ። ከዚያ ነገሩ ወደ ፍሬው ሲገባ አማርኛው ይመጣል። የገዛው፣ የሸጠው፣ መሬቱ የሚገኝበት ቦታ፣ ዋጋው በወቄት ወርቅ ወይም በአሞሌ፣ ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሲጠጋ በጠገራ ብር። ቀጥሎ የእማኞች ስም ይደረደራል፣ ዋስ ይጠራል፤ በመጨረሻ ይህን ያፈረሰ ውጉዝ ይሁን ተብሎ ይታሰራል። የአንባቢ ዓይን መጀመሪያ የሚወድቀው በንጉሡና በገዢው ስም ላይ ነው። ባላገር ፈላጊ ግን ከታች ወደ ላይ ማንበብ አለበት። ገበሬው የሚገኘው ከእማኞቹ መካከል፣ ከዋሱ ጎን፣ በጭቃ ሹምነቱ፣ ወይም በድንበር ላይ «የእገሌ መሬት» ተብሎ ነው። አንዳንዱ ስሙ ብቻውን የቀረው የማሳ መጠሪያ ሆኖ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ ሰው በአንድ ዘመን፣ በአንድ አጥቢያ፣ ቃሉ የሚታመን ጎልማሳ እንደነበረ ያስረዳል፤ አብረውት የተደረደሩት ሌሎች እማኞች ደግሞ ከማን ጋር ይውል እንደነበር ይጠቁማሉ።

እነዚህ ብራናዎች ግን በቦታቸው አልቆዩም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያስዘርፉ የአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጋዙ፤ ሚያዝያ 1860 መቅደላ ስትወድቅ እንግሊዞች መርጠው ወሰዷቸው። ወደ 350 የሚሆኑት ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው፤ ዊሊያም ራይት ያዘጋጀው ዝርዝራቸው እ.ኤ.አ. በ1877 ታትሟል። የአንድ የጎንደር ገበሬ ምስክርነት የተጻፈበት ቅጠል ለንደን ተቀምጦ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በቦታው ከቀረውም ብዙውን በ1880 ዓ.ም. ጥር ጎንደር የገባው የመሐዲስቶች ጦር አቃጠለው። ካለው ብዙ ያተረፈልን በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ነው። ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍትን አንሥቷል፤ ቅጂው በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ይገኛል፤ ብዙዎቹን ዘርዝሮ ለአንባቢ ያቀረበው ጌታቸው ኃይሌ ነው። ቆይቶም በትግራይ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2015 የተካሄደው ኢትዮ-ስፓሬ የተባለው ጥናት፣ በብሪቲሽ ላይብረሪ በኩል የሚደገፈው በአደጋ ላይ ያሉ መዛግብትን የማዳን ፕሮግራምም ብዙ ጨምረዋል። ዝርዝሮቹ በኅዳግ የመሬት ጉዳይ መኖሩን ይጠቁማሉ፤ የእማኞቹን ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ አያወጡም። ለንጉሥ ታሪክ ጸሐፊ ይህ አይጎድለውም። ባላገር ለሚፈልግ ግን ዋናው ነገር ያ የስም ዝርዝር ነው፤ ቢለቀም ከሁሉ የሚበልጥ አገልግሎት ይሆን ነበር።

ስሙ ማን ነው?

ስሙን አገኘን ብንል እንኳ የማን ስም? የ19ኛው ክፍለ ዘመን ክርስቲያን ገበሬ ቢያንስ ሁለት ስም አለው። እናቱ ያወጣችለት የዓለም ስም በመንደር ይጠራበታል፤ የክርስትና ስሙ ወልደ ማርያም ወይም ገብረ ሥላሴ በጸሎትና በፍትሐት ይነሣል። ሴቷም ወለተ ጊዮርጊስ ወይም አመተ ሚካኤል አላት። መጽሐፍ ያስጻፈ ሰው ስሙ በብራናው ላይ በክርስትና ስሙ ይሰፍራል፤ በመሬት ማስታወሻ ላይ አንዱ በዓለም ስሙ፣ ሌላው በክርስትና ስሙ ይገባል። የቤተሰቡ ሐረግ የሚይዘው ብዙ ጊዜ የዓለም ስሙን ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ድልድይ ካልተገኘ አንድ ሰው ሁለት ሆኖ ይቀራል፤ ወይም ይባስ ብሎ ሁለት ሰዎች አንድ ይሆናሉ፤ ገብረ ማርያም የሚባል በአንድ አጥቢያ ስንት እንዳለ ማሰብ ነው። በዚያ ላይ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለ በየትውልዱ ስሙ ይለወጣል።

ወሎ ላይ ነገሩ ይብሳል። በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ተገደዱ፤ ኢማም መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል ሆነው የተጠሩት ያን ጊዜ ነው። ታላላቆቹ ላይ የሆነው ገበሬውም ላይ ሆኗል። ብዙው ልቡ ሳይለወጥ ስሙ ተለወጠ፤ ጊዜው ሲያልፍም ወደ ቀድሞ ስሙ የተመለሰ አለ። በዚያ አገር የአንድ ሰው ሐረግ በሙስሊም ልጆቹ ዘንድ በአንድ ስም፣ በክርስቲያን ልጆቹ ዘንድ በሌላ ስም ሊቆጠር ይችላል። እዚህ ላይ ልዩነትን እንደ ስሕተት መጣል የሰውየውን ሕይወት ዋና ክፍል መጣል ነው።

የትኛው ዘመነ ዮሐንስ?

ባላገሩ ዓመትን በቁጥር አይዝም፤ በወንጌላዊና በመከራ ይይዛል። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ በአራት ዓመት ይዞራሉ። «በዘመነ ዮሐንስ ተወለደ» የሚል የቤተሰብ ቃል ተገኘ እንበል። ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ 1880፣ 1884 እና 1888 ሦስቱም ዘመነ ዮሐንስ ናቸውና። ነገር ግን እነዚህ ሦስት ዓመታት በባላገር ኑሮ እጅግ የተራራቁ ናቸው። 1880 የክፉ ቀን መግቢያ ነው፤ ጣሊያኖች በምጽዋ ባስገቡት ከብት የመጣው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፣ አንበጣና ድርቅ ተከተለ። 1884 የዚያ ረኃብ ማብቂያ ነው። 1888 የካቲት 23 አድዋ ነው። እንግዲህ አብሮ የሚወርደውን ቃል ማዳመጥ ነው። «በሬ ሳያልቅ» ከተባለ አንዱ፣ «እናቱ ቅጠል ቀቅላ ባደረችበት» ከተባለ ሌላው፣ «አባቱ ዘምቶ ሳለ» ከተባለ ሦስተኛው ይሆናል። እንዲህ ያለ ማመሳከር ፍጹም ባይሆንም ሃያ ዓመት የሚወዛወዝን ግምት ወደ ሁለት ሦስት ዓመት ያወርደዋል።

የክፉ ቀን ጉዳይ ራሱን የቻለ ክርክር አለው። ከከብቱ ከአሥር ዘጠኝ እጁ፣ ከሰውም ሲሦው አለቀ የሚለው የጊዜው ሰዎች ግምት ነው፤ ሪቻርድ ፓንክኸርስት ያን ዘመን ሲያጠና ሰብስቦታል። ቁጥሩ በሁሉም አውራጃ እኩል ሊሠራ አይችልም። ለዘር ፈላጊ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። በረኃቡ ከቀየው የተሰደደ ገበሬ በሌላ አገር ገብቶ ሲያርስ፣ ልጆቹ የዚያን አገር ሐረግ በጋብቻ ይዘው ቀጥለዋል። ብዙ ሐረግ በ1880ዎቹ ላይ የሚቆራረጠው ወይም ድንገት አገር የሚቀይረው ለዚህ ይመስላል።

ሙግት ያልነበራቸው

ዱካው በሙግት ቦታ ከቀረ፣ ሙግት የማይፈቀድላቸው ዱካ አልቀረላቸውም። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው ርስት አይገባቸውም ነበር፤ የሚያርሱትን አርሰው፣ የሚሠሩትን ሸጠው ያድራሉ፤ ሐረጋቸውን ወደ አቅኚ አባት የሚቆጥር ሽማግሌ አልተቀመጠም። ባሪያ ሆኖ የኖረ ሰው ደግሞ በውል ላይ ቢገኝ እንኳ በስሙ ለመከራከር አይደለም፤ የጌታው ንብረት ሆኖ ነው። ዛሬ የእነዚህ ሰዎች ልጆች አያታቸውን ሲፈልጉ የሚያገኙት ዝምታ የአጋጣሚ ዝምታ አይደለም። ስለ ዘር ሐረግ በተጻፈው ውስጥ ከሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ክፍል መታለፉ ነው።

የሴቶች ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በርስት ሐረግ ሴት መሬት ስለምታወርድ ስሟ ይቆጠራል። የጎንደር ዘመን የመሬት ማስታወሻዎችም ሴቶች በስማቸው መሬት ሲይዙና ሲሸጡ ያሳያሉ፤ ክራሚ በዚህ ላይ ብቻውን የቆመ ጥናት አውጥቷል። ነገር ግን እነዚያ አብዛኞቹ የመሳፍንት ሴቶች ናቸው። የገበሬዋ ሴት ስም የሚቀረው የድርሻ በር ስትሆን ነው፤ የፈጨችው፣ የፈተለችው፣ የወለደችውና የቀበረችው በየትኛውም ሐረግ አይቆጠርም።

ከቀላዱ ወዲያ

በደቡብና በምዕራብ የምኒልክ መንግሥት የደረሰባቸው አገሮች ያለው መዝገብ ሌላ ጠባይ አለው። መሬት በቀላድ ተለክቶ በጋሻ ተቆጥሯል፤ ገባሩም ለወታደር በቁጥር ይመራ ነበር፣ እንደ ማዕረጉ ይህን ያህል ገባር ተብሎ። የሰሜኑ ገበሬ ስሙ ኖሮ ቁጥሩ የጠፋ ሲሆን፣ እዚህ ቁጥሩ ኖሮ ስሙ የጠፋ ሰው እናገኛለን። ከዚህ የተሻሉ ቦታዎችም አሉ፤ በወለጋ ከነቀምትና ከቄለም የተገኙት የገዢዎች ደብዳቤዎችና የግብር ጽሑፎች ለአካባቢ ታሪክ ብዙ ጠቅመዋል። ጳውሎስ ኞኞ የሰበሰባቸው የምኒልክ ደብዳቤዎችም አልፎ አልፎ የአንድ ባላገር አቤቱታ ያስደምጣሉ።

በኦሮሞው ዘንድ ሐረጉ በአባት በኩል በጎሳ ይቆጠራል፤ ረጅምና ጥንቁቅ ነው። ሆኖም በጉዲፈቻ የገባ ልጅ፣ በሞጋሳ የተቀላቀለ ወገን በሐረጉ ውስጥ እንደ ተወለደ ይቆጠራል። ስለዚህ ሐረጉ አባልነትን በትክክል ይነግረናል፤ የሥጋ ልደትን ግን ሁልጊዜ ላይነግረን ይችላል። ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩ አሉ። ለእኔ ግን ያ ማኅበረሰብ ዘመድ የሚለው ማንን እንደነበረ የሚመሰክር ትልቅ ማስረጃ ነው።

ወረቀቱ ሲበዛ፣ ሽማግሌው ሲያልቅ

በማተሚያ የወጡ መጻሕፍት ነገሩን ሌላ መልክ ሰጥተውታል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ታላላቅ ሰዎችን ይዟል እንጂ ገበሬ አይገኝበትም። የጎጃሙ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የጻፉት የትውልድ መጽሐፍ ግን በየወረዳው ያለውን ሕዝብ ሐረግ ይዘረዝራል፤ ለባላገር ፈላጊ ከዚህ የቀረበ ጥንታዊ ሥራ ያለ አይመስለኝም። አደጋውም እዚያው ነው፤ መጽሐፉ ከታተመ ወዲህ ሽማግሌ ቆጠረው የሚባለው ሐረግ ከራሱ ከመጽሐፉ ተነብቦ ሊሆን ስለሚችል፣ እርስ በርስ ሲስማሙ ሁለት ምስክር አገኘሁ ማለት አይቻልም። መንግሥቱ ለማ የአባቱን ትዝታ መዝግቦ በ1959 ዓ.ም. ያወጣው መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ደግሞ ሐረግ የማይሰጠውን ይሰጣል፤ አለቃ ለማ ገበሬ ባይሆኑም በዚያ ዘመን ገጠር ምን ይበላ፣ ምን ይፈራ፣ እንዴት ይሰደድ እንደነበር ከአፋቸው እንሰማለን።

ቁልፉ ዓመት 1967 ነው። የካቲት 25 ቀን በዐዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ርስት አበቃ። ሐረግ መቁጠር መሬት ማምጣቱን ተወ። በ1960 የጎጃም ገበሬዎች በእርሻ ገቢ ግብሩ ላይ ሲነሡ ከፈሯቸው ነገሮች አንዱ መሬቱ ተለክቶ ርስታቸው እንዳይነካ ነበር፤ ከሰባት ዓመት በኋላ መሬቱ ከሐረጉ ፈጽሞ ተለየ። ለድሃው ጭሰኛ የመጣለትን ፍትሕ የሚክድ የለም፤ ለማስታወስ ግን ትልቁ ምክንያት ያን ቀን ተነሣ። ከዚያ በፊት የቆጠሩ ሰዎች ዛሬ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

አሁን ሐረግ የሚፈለገው በሌላ ምክንያት ነው። አንዱ ወደ ውጭ አገር መሄድ ነው፤ ወደ እስራኤል ለመግባት ለሚያመለክቱ የቤተ እስራኤል ዘሮች የዘር ሐረግ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል፤ እንደ ጥንቱ ሁሉ በእያንዳንዱ ስም ላይ የሚወድቅ ጥቅም አለ፤ የሆበን ጥያቄ ሳይለወጥ ይመለሳል። ሌላው የዘረመል ምርመራ ነው። ምርመራው ዘመድን ከዘመድ ያገናኛል፤ ግን ከአምስተኛው ትውልድ ከ32ቱ አንዱ የሆነው ገበሬ በአማካይ የሚያወርሰን 3 በመቶ ገደማ ነው። ስሙን፣ አጥቢያውን፣ የሞተበትን ዓመት ምራቅ አይነግርም፤ የሚነጻጸርበት የኢትዮጵያውያን ናሙናም ገና ቀጭን ነው። ከሐረጉና ከኅዳጉ ጋር ካልተያዘ ሩቅ አያስኬድም።

በዚህ ሁሉ መካከል በቂ ያልተነካ ምንጭ አለ፤ ከጣሊያን መውጣት በኋላ እስከ 1967 ድረስ በየአውራጃውና በየወረዳው ፍርድ ቤት የተከፈተው የርስት ክርክር ፋይል። ከሳሹ ሐረጉን እስከ አቅኚው አባት ቆጥሮ ያጽፋል፤ ተከሳሹ ይህ ሐረግ በዚህ በዚህ ቦታ ውሸት ነው ብሎ የራሱን ያጽፋል፤ ሽማግሎች ምለው ይመሰክራሉ፤ ጸሐፊው ሁሉን በአንድ ወረቀት ያሰፍረዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሞተ ገበሬ በሁለት ተጻራሪ አፎች፣ በመሐላ፣ እርሱን በሕይወት ባወቁ ሰዎች ፊት የተነሣበት ወረቀት ነው። ብዙው ፋይል በየመጋዘኑ ተከምሮ ዝናብና አይጥ እየበላው ነው። ለብራናው የተደረገው ፎቶ የማንሣት ሥራ ለዚህ ወረቀት አልተደረገም፤ ወረቀቱ ደግሞ ከብራናው ይልቅ ቶሎ ያልቃል።